ወንድሜ ከሩቅ ደሴት ያመጣው የዛፍ ፍሬ፦ የቱ ይበላል፣ የቱ አይነካም?

የሐይቅ ዳር ልጅ (ሀዋሳ)
ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት አመሻችሁ። ዛፍና ፍሬ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ታላቅ ወንድሜ መርከብ ላይ ኢንጂነር ነው። ባለፈው ጉዞ ራባውል የምትባል ወደብ ቆመው ነበር። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ፣ ኒው ብሪተን የሚባል ደሴት ላይ ናት። ለእረፍት ሲመጣ አንድ ፌስታል ሙሉ የዛፍ ፍሬ ይዞልን መጣ። «እዚያ ሰዉ ይበላዋል» ብሎ ለእማዬ ሰጣትና ሦስት ቀን አድሮ ተመለሰ። አሁን ባሕር ላይ ስለሆነ ስልኩ አይሠራም። እማዬ ደግሞ ረቡዕ ጎረቤት ቡና ጠርታለች፤ ቆልታ ለቡና ቁርስ ልታቀርበው ነው። እኔ ፈራሁ። ዛሬ ከሥራ ስገባ የእህቴ ልጅ በራፍ ላይ ቁጭ ብሎ አንዱን በድንጋይ ሊፈነክት ሲታገል ደረስኩበት። አምስት ዓመቱ ነው።

ፌስታሉን ጋዜጣ ላይ ዘረገፍኩት። አምስት ዓይነት ነው። ፎቶ አያይዣለሁ፤ መብራቱ ደካማ ስለሆነ በጽሑፍም ልንገራችሁ።

አንደኛው ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ቡናማ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። ጫፉን ወደ ዓይኔ አዙሬ ሳየው ሦስት ማዕዘን ነው። ይሄኛው ለብቻው በወረቀት ከረጢት ተጠቅልሎ ነበር። ሁለተኛው ጠፍጠፍ ያለ፣ የጣቴን ያህል የሚረዝም፣ ዙሪያውን ጠርዝ ያወጣ፣ ሲይዙት ቀላል። ሦስተኛው እንቁላል ያክላል፤ የተድበለበለ ቃጫ ይመስላል፤ ሲነቀነቅ ውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል። አራተኛው አንድ ፍሬ ብቻ ነው፤ ትልቅ፣ አራት ማዕዘን፣ ሳጥን የመሰለ። አምስተኛው ድቡልቡል፣ ግራጫና ጥቁር፣ ፊቱ የተጨማደደ፣ ለመጠኑ በጣም ከባድ።

መብራት ኃይል ሰፈር (አዳማ)
ሰኞ ማታ 2፡31

እህቴ አይዞሽ። እኔ የማውቀው ዘዴ አለ። ትንሽ ቆርሰሽ ከንፈርሽ ላይ ታደርጊያለሽ፤ ካላቃጠለሽ ምላስሽ ላይ፤ ከዚያ ጥቂት ውጠሽ ስምንት ሰዓት ትጠብቂያለሽ። የሚመር ከሆነ መርዝ ነው፤ ተፊው። ጦጣና ወፍ የሚበላውም ለሰው አይጎዳም ይባላል። ወታደሮችም እንዲህ ነው የሚሠለጥኑት።

የደን ሰው (ሀዋሳ)
ሰኞ ማታ 2፡48

እባክሽ ምንም እንዳትቀምሺ። እማማንም ንገሪያቸው። ፌስታሉን ልጁ የማይደርስበት ቦታ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ አድርጊው። መጀመሪያ ይሄን አድርጊና ተመለሽ፤ እኔ እጽፋለሁ።

ወንድሜ ከአዳማ፣ በቅንነት እንደመከርክ አውቃለሁ። ግን ይሄ ዘዴ ለእንዲህ ያለ ፍሬ አይሠራም። መራራ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ ጣፋጭ ሁሉም ደህና አይደለም። በየገጠሩ አጥር የሚሆነውን ጃትሮፋ እይ። ፍሬው ሲቀመስ ለውዝ ለውዝ ይላል፤ ልጆች ደጋግመው የሚመረዙበት በዚሁ ምክንያት ነው። ወፍና ጦጣም ምስክር አይሆኑም። ሰርበራ የሚባለውን የደሴቶች ዛፍ ፍሬ ካሶዋሪ የምትባል ትልቅ ወፍ ሙሉውን ትውጠዋለች። ሥጋውን ፈጭታ ዘሩን እንዳለ ትጥለዋለች። የዚያው ዘር ፍሬ ግን የሰው ልብ ያቆማል። ስምንት ሰዓት መጠበቁም ዋስትና የለውም። ቀስ ብሎ በወራት የሚጎዳ አለ። ጓያ የሰበረውን ሰው ያየ ይሄን አይክድም።

መብራት ኃይል ሰፈር (አዳማ)
ሰኞ ማታ 2፡55

ልክ ነህ፣ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ የእኔን ምክር ተይው። እኔ ራሴ በልጅነቴ ሦስት የጃትሮፋ ፍሬ በልቼ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰኝ አድሬ ነበር፤ እናቴ በጀርባዋ አዝላ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ። ጣዕሙ አሁንም ምላሴ ላይ አለ። በእውነት ጣፋጭ ነበር። ከመጻፌ በፊት ይሄን ማስታወስ ነበረብኝ።

የደን ሰው (ሀዋሳ)
ሰኞ ማታ 3፡40

እሺ፣ ፎቶዎቹን አጉልቼ አየኋቸው። ወንዶ ገነት ደን ስማር አንድ መምህራችን ደጋግሞ የሚለን ነገር ነበር፦ ዘር ብቻውን መታወቂያ አይሆንም፤ ቅጠሉን፣ ልጡን፣ የሚወጣውን ፈሳሽ ጠይቁ። አንቺ ጋ ያለው ዘሩ ብቻ ስለሆነ ግምቴን ነው የምነግርሽ። ብሉ የምለው ወንድምሽ ሲገኝና ከየት እንዳነሣው ሲናገር ብቻ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ሳጥን የመሰለው ባሪንግቶኒያ ኤዥያቲካ ነው ብዬ አስባለሁ። ውቅያኖስ ላይ ተንሳፎ ከደሴት ደሴት የሚሄድ ፍሬ ነው። የደሴቶቹ ሰዎች ዘሩን ወቅጠው ዓሣ ያደነዝዙበታል። እኛ አገር ብርብራ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ እንደሚጨምሩት ማለት ነው። የመርዙ ዓይነት ይለያያል፣ ሥራው ግን አንድ ነው። አይበላም። ችግሩ ባሪንግቶኒያ የሚባሉ ሌሎች ዛፎች መኖራቸው ነው፤ ከእነሱ መካከል የሚበላ ዘር ያላቸው በየጓሮው የሚተከሉ አሉ። «ባሪንግቶኒያ ይበላል» የሚል ነገር አንብበሽ እንዳትሳሳቺ።

ግራጫና ድቡልቡሉ የሻማ ለውዝ የሚሉት ሳይሆን አይቀርም። በሃዋይ ኩኩይ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የግዛቲቱ ዛፍ ሆኖ ተመርጧል። ዘይቱ በጣም ብዙ ስለሆነ ድሮ ፍሬዎቹን በኮኮናት ቅጠል መሐል ባለው ዘንግ ላይ ሰክተው እንደ ሻማ ያበሩት ነበር። ከጉሎና ከጃትሮፋ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ጥሬውን የበላ ሆዱን ይይዘዋል፤ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል። በኢንዶኔዥያ ይበላል፤ ግን ተቆልቶና ተፈጭቶ ወጥ ውስጥ በትንሹ ይገባል እንጂ እንደ ቆሎ አይቆረጠምም።

የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ሁለቱም የባሕር ዳርቻ ፍሬ ናቸው፣ ሁለቱም ሲደርቁ ቃጫ ይሆናሉ፣ አሸዋው ላይ አብረው ይገኛሉ። አንዱ ምግብ ነው፤ ሌላው ገዳይ።

ጠፍጣፋው፣ ጠርዝ ያለው፣ ተርሚናሊያ ካታፓ ይመስለኛል፤ የሐሩር ለውዝ የሚሉት። ከዛንዚባር እስከ ታሂቲ በየባሕር ዳርቻው አለ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ምኩንጉ ይሉታል። ቅርንጫፎቹ ደርብ በደርብ ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ደም ይመስላል። የእኛ ወይባ የዚህ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። አዎ፣ ሴቶች ጢስ የሚሞቁበት ወይባ። የወይባ ፍሬ ክንፍ አለው፤ የዚህኛው ክንፍ ጠቦ ጠርዝ ብቻ ሆኗል።

ሦስተኛውን፣ ቃጫ የመሰለውን ድብልብል ግን ሰርበራ ነው ብዬ እፈራለሁ። ትኩስ ሳለ ትንሽ ማንጎ ይመስላል። ዛፉ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። በየግቢው የምናየውን፣ ቢጫ መለከት አበባና ቀጭን ቅጠል ያለውን የአጥር ተክል ታውቂዋለሽ አይደል? እሱም ወተት ያወጣል፤ ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። መርዛቸው በቀጥታ ልብ ላይ ነው የሚሠራው። በነገራችን ላይ ያ የአጥር ተክል ግቢሽ ውስጥ ካለ ልጁን ከፍሬው አርቂው።

የመጀመሪያውን ለነገ አቆየዋለሁ። ስለሱ ደስ የሚል ነገር አለኝ።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ
ሰኞ ማታ 4፡05

ሥራ ላይ ነኝ፤ አጭር ልበል። ሕፃኑ ምናልባት ቀምሶ ከሆነ ዛሬውኑ አፉንና እጁን እዩት፤ ጠይቁት፤ አትቆጡት፣ ከተቆጣችሁት ይደብቃችኋል። ካስመለሰው፣ ካዞረው፣ ልቡ ከዘገየ ወይም ከተዛባ ወዲያው ሆስፒታል። በግድ እንዲያስመልስ አታድርጉ። ወተት አጠጥቶ እቤት መጠበቅም ጊዜ ማባከን ነው። የቀረውን ፍሬ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ (ሀዋሳ)
ሰኞ ማታ 4፡20

ጠይቄዋለሁ። አልቀመሰም፤ ድንጋዩ ስላልፈነከተለት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። ሲፈነክት የነበረው ባለ ሦስት ማዕዘኑን ነው። ፌስታሉን ቁም ሳጥን ላይ አውጥቼዋለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማዬ ግን «ሰው ይበላዋል አላለም እንዴ ልጄ?» እያለች ትከራከረኛለች።

እትዬ ከጎጃም (አዳማ)
ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ልጄ፣ እናትሽን እኔ ላስረዳልሽ። ንገሪያት፦ ሰው ይበላዋል ማለትና ዝም ብሎ ይበላል ማለት አንድ አይደለም። ግብጦን ታውቀዋለች። ጥሬውን ብትበላው ያዞራል፤ ምሬቱም አያስቀርብ። ግን እኛ አገር እንበላዋለን። እናቴ መጀመሪያ በብረት ምጣድ ታምሰዋለች። ከዚያ ትቀቅለዋለች። ከዚያ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ፣ አፉን አስራ፣ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ትጭንበታለች። ውኃው ቀንና ሌሊት እያለፈበት ምሬቱን ይወስደዋል። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ በየጠዋቱ ወርጄ አንድ ፍሬ በጥርሴ ነክሼ እተፋለሁ። «አሁንም አለ» እላለሁ። በአራተኛው በአምስተኛው ቀን «እማ፣ ለቀቀ» ስላት ነው የሚወጣው። አሁን አዳማ ወንዝ ስለሌለኝ በባልዲ ዘፍዝፌ ጠዋትና ማታ ውኃ እለውጣለሁ። ረዘም ያለ ቀን ይፈጃል።

የዚያ ደሴት እናቶችም የየራሳቸው ዘዴ ይኖራቸዋል። ወንድምሽ ያመጣው ፍሬውን ነው፤ የእናቶቹን ዘዴ አላመጣም።

የደን ሰው (ሀዋሳ)
ማክሰኞ ቀን 7፡30

እትዬ፣ እጅዎን ልሳም። እኔ በሦስት አንቀጽ የማልጨርሰውን ነገሩን።

እውነትም ዘዴ አላቸው። በኢንዶኔዥያ ፓንጊየም የሚባል ዛፍ አለ። ዘሩ ሳያናይድ የሚባል መርዝ አለበት፤ እንደ መራራ ካሳቫ፣ ግን የባሰ። ይቀቅሉታል፤ ከዚያ በአመድና በሙዝ ቅጠል አድርገው አፈር ውስጥ ወደ 40 ቀን ይቀብሩታል። ሲወጣ ውስጡ ጠቁሮ፣ ሽታው ጣፍጦ፣ የጥቁር ሾርባ ማጣፈጫ ይሆናል። በጉዋም ደሴት ደግሞ ዘንባባ የሚመስለውን የሳይካድ ዘር ውኃ እየለወጡ ለቀናት ይዘፈዝፉና አድርቀው ዱቄት ያደርጉታል። ያንን ያላወቁ ተጎድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1770 የእንግሊዛዊው አሳሽ የካፒቴን ኩክ መርከበኞች በአውስትራሊያ ጠረፍ የሳይካድ ፍሬ በየእሳቱ ዳር ተበልቶ ቅርፊቱ ወድቆ ስላዩ ይበላል ብለው በሉት። ክፉኛ አስመለሳቸው፤ ለአሳማዎቻቸው ቢሰጡ ከፊሎቹ ሞቱ። ቅርፊቱን አይተዋል፤ መዘፍዘፉን አላዩም።

አሁን ወደ አንደኛው፣ ወደ ባለ ሦስት ማዕዘኑ። ካናሪየም ነው ብዬ አምናለሁ። ኒው ብሪተን ላይ ጋሊፕ ይሉታል፤ ሰሎሞን ደሴቶች ንጋሊ፣ ቫኑዋቱ ደግሞ ናንጋይ። ትኩሱ ፍሬ ሲበስል ጥቁር ወይን ጠጅ ይሆናል። ውስጡ ያለው ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ሲቆረጥ ሦስት ክፍል አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ብቻ ፍሬ ይይዛል፣ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። የፍሬው ቡናማ ልጣጭ በሙቅ ውኃ ሲነከር ይለቃል፤ ውስጡ ነጭ ነው። በዚያ አካባቢ ሰዎች ለሺዎች ዓመታት ሲበሉት ኖረዋል፤ አርኪዮሎጂስቶች ቅርፊቱን በቁፋሮ ያገኙታል።

ደስ የሚለው ነገር ይሄ ነው፦ ጋሊፕ የዕጣንና የከርቤ ዛፍ ቤተሰብ ነው። ከትግራይና ከመተማ በረሃ የሚመጣው ዕጣናችን፣ ከቦረናና ከሶማሌ ክልል የሚመጣው ከርቤ፣ ይሄ የውቅያኖስ ደሴት ለውዝ፣ ሦስቱም የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ግንዱ ሲቆስል መዓዛ ያለው ሙጫ ያወጣል። ለወንድምሽ ስትደውዪለት «ዛፉን አይተኸዋል? ግንዱ ምን ይሸታል?» በዪው። ዕጣን ዕጣን ይላል ካለሽ ልቤ ግማሽ ይረጋጋል።

አንድ ሥራ ልስጥሽ፣ ፈቃደኛ ከሆንሽ። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው አንዳንድ ፍሬ ክፈቺ። ጓንት አድርጊ፤ የወጥ ቤት ቢላና መክተፊያ አትጠቀሚ፤ ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ፍሬውን መሐል ለመሐል ቆርጠሽ ወዲያው ፎቶ አንሺ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ድገሚው።

ችግኝ አፍዪ (ሀዋሳ)
ማክሰኞ ቀን 9፡00

ጋሊፑን ብተክለውስ? የሀዋሳ አየር ሊስማማው ይችላል። ለወንድምሽ ከፍዬ ብዙ አስመጣለሁ።

መብራት ኃይል ሰፈር (አዳማ)
ማክሰኞ ቀን 9፡22

በዚህ ላይ እንኳ የማውቀውን ልናገር። ከውጭ የመጣው እምቦጭ እኛው ጋ፣ ቆቃ ግድብ ላይ፣ ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ አለ። ውብ አበባ ነው። የዓሣ አጥማጁን ጀልባ ይዞ ሲያቆመው አይቻለሁ። አፋር የገባውን ፕሮሶፒስ የሚሉትን እሾሃማ ዛፍም ሂደሽ ብታይው ታለቅሻለሽ። ዘር ከውጭ የሚገባው በዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ ነው። እባክሽ እንዳትተክዪው።

ችግኝ አፍዪ (ሀዋሳ)
ማክሰኞ ቀን 9፡40

ገብቶኛል። አልተክልም።

የሐይቅ ዳር ልጅ (ሀዋሳ)
ማክሰኞ ማታ 1፡50

ጓሮ ወጥቼ በአሮጌ መጋዝ ከፈትኳቸው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ጠፍጣፋው ወፍራም ቃጫ አለው፤ መሐሉ ላይ ቀጭን ፍሬ፣ የትንሿ ጣቴ ግማሽ የማይሞላ። ስቆርጠው እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ነው! ዙር በዙር፣ ልክ ብራና ተጠቅልሎ ጫፉን እንደሚያዩት። ሽታው ለውዝ ነው።

ሦስተኛው ድብልብል ቃጫው ሲገፈፍ ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ ጠፍጠፍ ያለ ነጭ ፍሬ አለ። በጣም ንጹሕ ነጭ፤ የተላጠ ባቄላ ይመስላል። እውነቱን ልናገር፣ ከሁሉም የሚያምረውና የሚያስጎመጀው እሱ ነበር። ጋዜጣው ላይ ትቼው ሻይ ጥጄ ተመለስኩ። የተቆረጠው ፊቱ ወይን ጠጅ ሆኗል። አሁን ስጽፍላችሁ ጠቁሯል። እማዬ አብራኝ ቆማ ስታየው ቆየችና አማተበች። ከዚያ ወዲህ መከራከሯን ትታለች።

የደን ሰው (ሀዋሳ)
ማክሰኞ ማታ 2፡05

ሰርበራ ነው። ከነጭ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር መዞሩ የታወቀ ምልክቱ ነው። የተጠቀለለው ደግሞ የሐሩር ለውዝ ነው፤ ያ ጥቅል የእሱ ምልክት ነው። ጋዜጣውን ጠቅልለሽ ልጅም ዶሮም በማያገኘው ጉድጓድ ቅበሪው። ሰርበራውን፣ ሳጥኑን፣ ግራጫውንም አብረሽ። የሐሩር ለውዙም ጥሩ ፍሬ ቢሆን ከሰርበራ ጋር ሳምንታት ተቀላቅሎ ከርሟል፤ እኔ ብሆን አልበላውም።

መርከበኛው
ማክሰኞ ሌሊት 5፡30

ሰላም ለሁላችሁ። የእሷ ወንድም ነኝ። ወደብ ደርሰን ኔትወርክ ሳገኝ ይሄን ሁሉ አነበብኩ። ደንግጫለሁ፤ እናቴንና ቤተሰቤን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እናንተንም ከልብ አመሰግናለሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው። በወረቀት ከረጢት ያለውን ከገበያ ነው የገዛሁት፤ መሬት ላይ ቅጠል አንጥፈው ከሚሸጡ እናት። ጋሊፕ አሉኝ። አንዱን ድንጋይ ላይ አቁመው በሌላ ድንጋይ አንዴ ብቻ መቱት፤ ከሁለት ተከፈለ፤ ፍሬው ሳይሰበር ወጣ። አቀመሱኝ። እኔ መርከብ ላይ በመዶሻ ስሞክር ሁሉንም አደቀቅኩት። ሴትየዋ የሚመቱበትን መስመር ያውቁታል፤ ሹል ጫፉን ወደ ላይ ነው የሚያቆሙት።

ሌላውን ግን በባሕሩ ዳር ስሄድ ነው የለቀምኩት። አሸዋው ጥቁር ነው፤ የእሳተ ገሞራ አመድ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከተማዋን የቀበራት ተራራ ከወደቡ ይታያል። ፍሬዎቹ ቅርጻቸው አምሮኝ አነሳኋቸው። አንድ ፌስታል ውስጥ መክተቴ ነው ጥፋቱ። እማዬ ስትጠይቀኝ የገዛሁትን እያሰብኩ «ይበላል» አልኳት፤ ስለሌላው ሳልናገር ሄድኩ።

የደን ሰው፣ ስለ ግንዱ ለጠየቅከው፦ ከገበያው ጀርባ አንድ ትልቅ ዛፍ አሳይተውኛል። ልጡ ላይ ነጭ ሙጫ ደርቆ ነበር። በጥፍሬ ቆንጥሬ አሸተትኩት። ቅዳሴ ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

የደን ሰው (ሀዋሳ)
ረቡዕ ጠዋት 12፡40

ተመስገን። ከገበያ የተገዛ፣ ለብቻው የተያዘ፣ ቅርፊቱ ሦስት ማዕዘን፣ ሙጫው ዕጣን። አሁን ብሉት እላለሁ። የከረጢቱ ወረቀት ቀዳዳ እንደሌለው እዪ፤ የቅርፊቶቹን ላይ በሳሙና እጠቢ። ስትከፍቺ እያንዳንዱን አሽትቺው። ሻጋታ ካለው፣ የቆየ ዘይት ከሸተተ ወይም ከመረረ ጣዪው፤ የሻገተ ለውዝ በምጣድ አይድንም። ከእንግዶቹ ለውዝ የማይስማማው ሰው ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የሐይቅ ዳር ልጅ (ሀዋሳ)
ረቡዕ ማታ 3፡00

ሌላውን ሁሉ ጠዋት ቀበርነው። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ድንጋይ የጫነችበት እማዬ።

ጋሊፑ 38 ነበር። ወንድሜ እንዳለው ሹል ጫፉን ወደ ላይ አቁማ፣ በዘነዘና ሥር መታችው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ደቀቁ። ሰባተኛው ተከፈለ። ከዚያ በኋላ እጇ ለመደ። አምስቱ ባዶ ነበሩ፣ አራቱን ሽታቸው ስላላማረኝ ጣልኩ። የቀረውን በሙቅ ውኃ ልጣጩን አላቀን፣ በለስላሳ እሳት አመስነው። አንዲት ጎረቤታችን ኦቾሎኒ እንኳ ስለማይስማማት አልቀረበላትም፤ ቆሎ ሰጠናት።

ቡናው ሲፈላ እማዬ እንደ ልማዷ ፍም ላይ ዕጣን ጨመረች። ከዚያ ከተሰበሩት ቅርፊቶች አንዱን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ጢሱንም አሸተተች፤ መልሳ ቅርፊቱን። «ዘመዳሞች ናቸው ያለው ያ ልጅ የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የደን ሰው፣ ሀዋሳ ካለህ እሁድ ቡና ጠርታሃለች።

የደን ሰው (ሀዋሳ)
ረቡዕ ማታ 3፡12

እመጣለሁ። ከአንዱ ቅርፊት ግማሹን አስቀምጪልኝ።